የሚረግፍ ቀንድ

መምህር ክፍል ውስጥ የተናገረው ቃል ማታ የማን ቤት እንደሚያድር አያውቅም። እኛ ደወል ሲደወል ጠመኔያችንን አራግፈን እንወጣለን፤ ቃሉ ግን ደብተር ውስጥ ተሸጉጦ ሰው ቤት ይገባል፣ ከራት ጋር ይቀርባል፣ አንዳንዴም አባትና ልጅ ያጣላል። እኔን ያጋጠመኝ ይኸው ነው።

ከጎጃም ተመድቤ ቆቦ ላይ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ስለ ፈረንጅ አገር አጋዘን አስተማርኩ። የኛው አጋዘን ቀንዱን እስኪሞት ይዞት ይኖራል፤ የነሱ ግን በየዓመቱ ይረግፍና እንደ አዲስ ይበቅላል። ወጣቱ ትንሽ ያበቅላል፤ ጎልማሳው ግዙፍ፤ ሲያረጅ ደግሞ መልሶ ያንሳል። ምግብ በጠፋበት ዓመትም ቀንዱ ይቀጭጫል፤ የተገኘው ሁሉ አስቀድሞ ለአካሉ ይውላልና ለቀንዱ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ጥሩ አስተማርኩ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ አያ ሰይድ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በዋጃ መንገድ ዳር ማሽላ የሚያርሱ፣ ከብት የሚወዱ ሰው ናቸው። ልጃቸው ዘሐራ ተማሪዬ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ብታዩዋት ግን ከአሥር አታስበልጧትም።

«መምህር፣ ሳይታረድ ቀንዱ የሚወልቅ እንስሳ አለ ትለኛለች። ውሸታም ብዬ ተቆጣኋት፤ ራቷን ሳትበላ ተኛች። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ አለ ወይ?»

መጽሐፉን ገልጬ ሥዕሉን አሳየኋቸው፤ ያስተማርኩትንም ደገምኩላቸው።

«የምግቡን ነገርስ በሬዬም ያውቀዋል» አሉና ቤታቸው ወሰዱኝ።

የራያ በሬ ቀንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ላም ቀንዷ አይከብዳትም ይባላል፤ የዚህ በሬ ቀንድ ግን ገና ሳየው እኔን ከበደኝ። አያ ሰይድ ከሥሩ ወደ ጫፉ ሲዳብሱ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። እዚያ ጋ ቀንዱ ገመድ ታስሮበት እንደኖረ ሁሉ ሰርጎድ ብሏል።

«ዝናቡ የቀረብን ዓመት ነው። አገዳ እንኳ አልነበረም። በኋላ ጠግቦ በላ፤ ቀንዱም ቀጠለ። ይቺ ግን ሳትሞላ ቀረች።»

ዓይናቸውን ከበሬው ሳያነሱ ቀጠሉ።

«ዘሐራ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። የሰው ልጅስ እንደ ፈረንጁ አጋዘን ነው ወይስ እንደ በሬዬ?»

ስንት ፈተና ተፈትኜ ዲግሪ ይዣለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን መጥቶብኝ አያውቅም። ሁሉም ይመለሳል ብላቸው ውሸት ነው፤ ምንም አይመለስም ብላቸው ደግሞ ጭካኔ ነው፤ እሱም ውሸት።

«የቀረባት ሁሉ ይመለሳል አልልዎትም» አልኳቸው። «ግን ገና ልጅ ናት፤ አጥንቷ አድጎ አልጨረሰም። አሁን በደንብ ከበላች ከቀረባት ብዙውን ታካክሳለች።»

«ኢንሻ አላህ» አሉ፤ በትከሻቸው ፎጣ ፊታቸውን ጠረግ አድርገው።

ማታውኑ ልጃቸውን «አፉ በይኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቋት። ከዚያ ወዲያ በባጃጅ ወደ ከተማ ይላክ የነበረው የጠዋት ወተት ከቤት አልወጣም። ጣሳውን ራሳቸው ይሰጧትና ጨርሳ እስክትመልስ ከፊቷ ንቅንቅ አይሉም።

ወር ያህል ቆይቶ ዘሐራ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጠረጴዛዬ ጋ መጣች።

«ቲቸር፣ እባክዎ አባቴን በቃህ ይበሉልኝ። ቁመቱን እንጃ፤ በዚህ ወተት ግን ቀንድ ሳላበቅል አልቀርም።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

እስካሁን አልነገርኳቸውም።