ስኩተሬን ካልጫንን ያሉ ሰዎች

የእኛ አገር ሰው ሁለት ነገር አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ የታመመ ሰውና የሚጫን ዕቃ። ለታመመው ሁሉም ሐኪም ነው። ዳማከሴ የሚል አለ፣ ጠበል የሚል አለ፣ «የእኔም አክስት እንደዚሁ ጀምሯት ነው የሞተችው» ብሎ የሚያጽናናም አይጠፋም። ለሚጫነው ዕቃ ደግሞ ሁሉም መሐንዲስ ነው። እስኪ እናንተም አንድ ቁም ሣጥን ደጅ አውጥታችሁ ሞክሩት። ገመዱን ሳታነሱ ሰባት ሰው ይከባችኋል። ስማችሁን እንኳ የማያውቅ መንገደኛ «በጎኑ አድርጉት!» ይላል፤ ሌላው «በጎኑማ አይሆንም!» ብሎ ይቆጣል፤ እናንተም በገዛ ቁም ሣጥናችሁ ላይ ባይተዋር ሆናችሁ ዳር ትቆማላችሁ።

«ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። እሺ ስላለ ሰውስ ምን ተብሏል? ምክሩን ሁሉ አንድ ሳይቀር ተቀብሎ፣ መከራውንም አብሮ ስለተረከበ ሰውስ? ምንም አልተባለም። ያ ሰው እኔ ነኝ። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ባስታወስኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ ግሪክ ነጋዴ የገዛኋት አንዲት ግራጫ ስኩተርም ነበረችኝ። ሰዉ ባለ ሁለት እግሩን ሁሉ «ሞተር» ስለሚል እኔም ሞተሬ እላታለሁ። ባለቤቴ ጽጌ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ እንደ ደንቡ ሐረር እናቷ ቤት ሄዳለች። ስንለያይ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የእናቷ ቤት መንገድ ዳር ስለሆነ የጭነት መኪና ሲያልፍበት ይውላል። «መኪና ሲመጣ አንተ ሁን ሌላ ሰው አላውቅም» አለችኝ። «የሞተርህን ድምፅ ግን ከሺህ እለየዋለሁ። የዚያን ቀን እሱን ስሰማ ፍርሃቴ ይቀለኛል።» ቃል ገባሁላት።

በነሐሴ አንድ ጠዋት፣ ከሐረር የወረደው አውቶቡስ ሾፌር መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥቶ የአማቴን የወይዘሮ አስካለን መልእክት ነገረኝ። «እንግዳችን ሊመጣ ነው፣ ቶሎ ይድረስ ብለዋል።» ሾፌሩ እንግዳው ማን እንደሆነ አላወቀም። እኔ ግን ጽጌ ምጥ እንደጀመራት ገባኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ምጥ በአደባባይ አይነገርም። ሴቲቱ በሰላም እስክትገላገል ድረስ ወሬዋ ከደጅ አይወጣም፤ የሰው ዓይን አለ፣ የሰው አፍ አለ። ስለዚህ አለቃዬን «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ አስፈቀድኩና ቤንዚን ሞልቼ ተነሣሁ። ሰዓቱ ሦስት አልሞላም። በሞተሬ ቢዘገይ ቢዘገይ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሐረር ነበርኩ።

ነበርኩ አልኩ እንጂ ደረስኩ አላልኩም። ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ደረቅ የአሸዋ ወንዝ፣ ደቻቱ ዳር ስደርስ ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ በከዘራቸው መንገዱን ዘጉብኝ። ጋሽ ወርቁ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ላይ ዕቃ ሲያስጭኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከማስጫኑ አይደለም።

«ወዴት ነው?»

«ሐረር።»

«በዚህች? ደንገጎን?» ሞተሬን ከላይ እስከ ታች አዩአት። «አይወጣም።»

በቃ። ይግባኝ የሌለው ፍርድ። ደንገጎ ከድሬዳዋ ሙቀት ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ ጋሽ ወርቁ ደግሞ በሕይወታቸው ሁለት እግር ባለው ነገር ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ የተቀመጡባት በቅሎ እንኳ አራት አላት። «ጉዳዩ የሚያስቸኩል ነው» ብላቸው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። «ምን ጉዳይ ነው?» ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት አፌ ያመልጠኝ ነበር። አላሉም። እሳቸውን ብቻ አልወቅስም፤ ከዚያ በኋላ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ለምን ትቸኩላለህ?» ያለኝ አንድ ነፍስ የለም።

ጨው ጭኖ ሐረር ሊወጣ የተዘጋጀ መኪና እዚያው ቆሟል። ሾፌሩ አብዲ ነው፤ የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ አባቱ በግመል ነጋዴነት የታወቁ፣ ሳቂታ ሰው። ጋሽ ወርቁ ጮኸው ሲጠሩት ራሱን በመስኮት ብቅ አደረገ። «አቦ ነዪ! በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሐረር ነን ወላሂ! ሞተርሽ ከኋላ፣ አንቺ ከፊት!» አንቺ ማለቱ ፍቅር ነው፤ በእኛ አገር የወደዱት ወንድ አንቺ ይባላል።

«ታዲያ ሞተርህን ትተህ ለምን በመኪናው አልሄድክም?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቃሌስ? ደግሞ እውነቱን ከተናገርን አይቀር፣ አማቴ ደጅ በሞተር ደርሶ መውረድም ያምረኝ ነበር። ስለዚህ እሺ አልኩ፤ ጥፋቴም እሺ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ጣውላ መጣ። ጋሽ ወርቁ ከታች ሆነው «ግፋ!» ሲሉ ከላይ የወጣው ሰው «ቆይ!» ይላል፤ መሐል ላይ ስንደርስ አንደኛው ጣውላ ተንሸራተተና ሞተሬ በጎኗ ተጋደመች። ከዚያ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚል ተገኘ። ሃምሳ ባይሆንም አሥራ አምስት ሰው ሞተሬን ጨበጣት፤ ሁሉም ግን ወደ ራሱ ነው የሚስበው። መስታወቷ በአንዱ እጅ ላይ ቀረ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ በክብር አስረከበኝ።

ሌላው «እሷ ላይ ተቀመጥና በገመድ ይጎትቱህ» አለ። ደንገጎን እንደ ሙክት እየተሳብኩ! የዚያን ቀን እምቢ ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ደግሞ አንዱ «ሞተሯን በፈረስ ጋሪ፣ ጋሪውን ከመኪናው ጋር እንሰር» ሲል ሁሉም ደስ አለው። ጋሪ ነጂው ግን «ፈረሴስ?» አለ። እውነቱን ነው። ስለ ፈረሱ አጫጫን አዲስ ክርክር ተከፈተ፤ ሰዓቴን ሳየው አምስት ተኩል ሆኗል። ሐረር ውስጥ አንዲት ሴት የሞተር ድምፅ ትጠብቃለች፣ እኔ እዚህ የማላውቀው ፈረስ እንዴት እንደሚጫን አዳምጣለሁ!

በመጨረሻ አብዲ እጁን አጨበጨበ። «ግመል ቆሞ ይጫናል እንዴ? ተንበርክኮ ነው! መኪናዬም ትንበርከክ!»

ነገሩ ብልሃት አለው፣ አልክድም። መኪናውን ወደ ደቻቱ አሸዋ አወረደውና ኋላውን ከፍ ወዳለው የወንዙ ዳርቻ አስጠጋ። የመኪናው ጀርባ ከመንገዱ እኩል ሆነ። ሞተሬን በአንድ እጄ ገፍቼ አስገባኋት። እልልታ ቀረሽ ጭብጨባ ተሰማ፤ አብዲ በአባቱ የግመል አተሳሰር ጠፍሮ አሰራት፣ ጋሽ ወርቁም «ይህ ነገር ያለ ሽብልቅ አይሆንም» ብለው ከጎማዎቿ ሥር እንጨት ሸጎጡ። ከዚያ የአብዲ የቀትር ስግደት ደረሰ። ለጸሎት አይቆጡም፤ ጠበቅሁ።

ሰግዶ ሲመለስና መኪናውን ሲያስነሣ የኋላ ጎማዎቹ አሸዋውን ቆፍረው ቁጭ አሉ። ተንበርካኪዋ መነሣት እምቢ አለች። ይህን ጊዜ ጋሽ ወርቁ ወደ ተራራው ቀና ብለው አዩና ዝም አሉ። ጋሽ ወርቁ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም። እኛ ጋ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ወደ ደንገጎ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ለድሬ ሰው ይህን ማንም አያስረዳውም፤ ደቻቱ የሚሞላው በሌላ ቦታ ዝናብ ነው።

ከላይ በኩል «ጎርፍ! ጎርፍ!» የሚል ጩኸት መጣ።

አብዲ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ያ መኪና የአሥር ሰው እንጀራ ነው። እኔ ወደ ሞተሬ ዘለልኩ፣ የግመሉ ቋጠሮ ግን አይፈታም። ጋሽ ወርቁ ጎትቼ ባላወጣቸው ኖሮ ሽብልቃቸውን ሲፈልጉ ጎርፉ ይወስዳቸው ነበር። አንድ ሰው ገመዱን በቢላዋ በጠሰልኝና ሞተሬን ወደ ዳር አወጣኋት። ከዚያ ተመልሼ ከሰዉ ጋር ገፋሁ፤ ምን ይደረግ፣ መኪናው የተቀረቀረው በእኔ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ማንም ማንንም አልመከረም። ሁሉም ወደ አንድ በኩል ገፋ፤ መኪናው ወጣ፤ ቡናማው ውኃ ከኋላው ሁለት ጆንያ ጨው ይዞ አለፈ።

አብዲ እያለከለከ «በይ አሁን እንደገና እንጫናት» አለኝ።

ማንንም አልተሰናበትኩም። ሞተሬን አስነሣሁ።

ደንገጎን ወጣች። አንዴ ብቻ ጥላ ሥር አቁሜ አቀዘቀዝኳት፤ ከዚያ ውጪ እያጉረመረመች፣ እኔም እያጉረመረምኩ፣ ወጣች። እያንዳንዱን ጠመዝማዛ ባለፍኩ ቁጥር «አይወጣም!» እያልኩ ብቻዬን እጮህ ነበር። ንዴት ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ጅጅጋ እደርስ ነበር።

አማቴ ደጅ ስደርስ ሊመሽ ነው። ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ጭቃዬንና መስታወት የሌላትን ሞተሬን አዩ። «እልል ብለን ጨረስን» አሉኝ። «ስምንት ሰዓት ላይ ተገላገለች። ሴት ናት።»

ጽጌ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሕፃኗን አሳይታኝ «ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነበር» አለች። «መኪና ባለፈ ቁጥር ይሄ አይደለም፣ ይሄም አይደለም ስል ዋልኩ።» እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ድሬ ስመለስ ጋሽ ወርቁ ወሬውን ሰምተው ቤቴ መጡ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ልጄ፣ ለምን አልነገርከኝም? በጀርባዬ ተሸክሜ እወስድህ ነበር!» አያችሁልኝ? አሁንም መጫን!

ይኸው ልጃችን ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ሞተሬም አርጅታ ጓሮ ቆማለች። ባለፈው ሳምንት አንድ በሰፈራችን የተከራየ ወጣት አስተማሪ አዲስ ስኩተሩን ሲያስነሣ አየሁት። «ወዴት ነው?» አልኩት። «ሐረር» አለኝ። ጎማዎቹን አየሁ፣ ሞተሩን አየሁ፣ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ደንገጎን? አይወጣም። ቆይ፣ ጣውላ አለኝ።»

ጣውላውን በብብቴ ይዤ ከጓሮ ስመለስ ጽጌ በሩ ላይ ቆማለች። ጣውላውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ለምን እንደሚቸኩል ጠይቀኸዋል?» አለችኝ።

አልጠየቅኩትም ነበር። ልጁ ከአክብሮት የተነሣ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቀኛል። በእጄ «ሂድ፣ ሂድ» አልኩት፤ አስነሥቶ ወጣ። እኔና ጽጌም ድምፁ ከጆሯችን እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆመን ሰማነው።