የአቶ ቅጣው እግርና የሰው ሁሉ ቀብር

በዚህ አገር ከማንም ቀብር የማይቀር ሰው የሌለበት ደብር የለም። ሟቹን ይወቀው አይወቀው ግድ የለውም። ሬሳ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «ቀስ! ወደ ግራ!» እያለ የሚያዘው፣ መቃብሩ ጠበበ ብሎ ከቆፋሪዎች ጋር የሚሟገተው፣ ሟች በእናቱ በኩል ከማን እንደሚወለድ ለሟች ልጆች የሚያስረዳው እሱ ነው። ሹመቱን ማንም አልሰጠውም፤ ማንም ደግሞ አይነጥቀውም።

ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌ ይህን ማዕረግ የያዙት አቶ ቅጣው ነበሩ። የመንደሩ ሰው በሌሉበት «ሊቀ ለቀስተኞች» ይላቸዋል። ሚስታቸው ምንዳዬ ግን ፊት ለፊታቸውም ትላቸዋለች።

ጥሩምባ ከተነፋ ሊቀ ለቀስተኞችን የሚያቆም ኃይል አልነበረም። በሬዎቻቸውን ከነቀንበራቸው ማሳ ላይ ትተው ሄደዋል። በገዛ ልጃቸው ሠርግ ቀን ሙሽራው ደጅ ደርሶ «አባትየው የት አሉ?» ቢባል፣ አባትየው ከወንዝ ማዶ አንዲት ባልቴት ሊቀብሩ ሄደው ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ ማዳበሪያ ስብሰባ ጠርቶ ሰው እምቢ ሲለው፣ ወደ አቶ ቅጣው ጠጋ ብሎ «ሰሞኑን የት ቀብር አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ሕዝቡን የሚያገኘው እዚያ ነዋ። አንድ ጊዜ ደግሞ ለጉዳይ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ፣ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ሬሳ ለማሳለፍ መንገድ ዳር ቢቆም ወርደው ቀሩ። ማታ ቤት ሲገቡ ምንዳዬ ሟቹ ማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ስሙን እንኳ በደንብ አልያዝኩትም» አሉ። «ግን ምን ያለ ደግ ሰው መሰለሽ!»

ምን እንዲህ እንደሚያስሮጣቸው ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው ያው ነው፤ «እኔ ካልደረስኩ ማን ሊደርስ?»

ምንዳዬ በደህናው ቀን ባሏን «እርስዎ» ትላለች። ስትናደድ ወደ «አንተ» ትወርዳለች። አቶ ቅጣው ያቺን «አንተ» ከመብረቅ እኩል ይፈሯታል።

የእግራቸው ነገር የጀመረው በማቃጠል ነው። ውስጥ እግራቸውን መርፌ እንደሚወጋቸው፣ ጉንዳን እንደሚሄድባቸው ይናገሩ ነበር። ውርጭ ነው ብለው ናቁት። ኋላ ማቃጠሉ ሲተዋቸው «ይኸው ዳንኩ!» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። አልዳኑም። መሬቱ ጥጥ ጥጥ ይላቸው ጀመር። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ እስከ ባታቸው ወጣ፤ ምንዳዬ በጣቷ ስትጫነው እንደ ሊጥ ይሰረጉድና ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትል፣ ጥሩምባ ይነፋል።

አንድ የነሐሴ ቀን ከቀብር ሲመለሱ ምንዳዬ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። ወደ እግራቸው አየች።

«ጫማህ የት አለ?»

ወደ «አንተ» መውረዷን ሲሰሙ አቶ ቅጣው ደነገጡ፤ ምን እንዳጠፉ ግን አልገባቸውም። «እግሬ ላይ ነዋ!» አሉ።

«አንዱ አለ። ሌላኛውስ?»

ጎንበስ ብለው አዩ። ግራ እግራቸው ባዶውን ነው። ጭቃው ጫማውን መንገድ ላይ ውጦ አስቀርቶታል፤ እሳቸው ያንን ሁሉ ቁልቁለት በአንድ ጫማ ሲወርዱ አላወቁም። ምንዳዬ እግሩን አጥባ ስታየው ተረከዙ ላይ እሾህ ተሰክቶ፣ ዙሪያው ደም ረግቶ አገኘችው። እሾሁን ስትነቅል አቶ ቅጣው ስለ ቀብሩ እያወሩላት ነበር። ድምፃቸው እንኳ አልተሰበረም። ምንዳዬን ያስፈራት ይኸ ነው። በማግስቱ ሳትለምን፣ ሳትማከር በቅሎዋን ጫነችና «ውጣ» አለቻቸው።

መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት ያገኘቻቸው ሲስተር እየሩስ የምትባል ነርስ ናት። ደማቸውን መርምራ ስኳር እንዳለባቸው፣ ሳያውቁትም ለዓመታት አብሯቸው እንደኖረ ነገረቻቸው። ከዚያ አልጋ ላይ አጋድማ፣ «ዓይንዎን ይጨፍኑ። በዚህች ክር ስነካዎት ‹ነካሽኝ› ይበሉኝ» አለች።

ምንዳዬ ከጎን ሆና ታያለች። እየሩስ አውራ ጣታቸውን ነካች። ዝም። መሐል እግራቸውን ነካች። ዝም። ተረከዛቸውንም እንዲሁ። በመጨረሻ እጇን ሰብስባ ቆመች። አቶ ቅጣው ይኼኔ ዝምታው በዛባቸውና፣

«ነካሽኝ!» አሉ በኩራት።

ምንዳዬ ልትስቅ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ነርቭዎ ተጎድቷል አባባ» አለች እየሩስ በለሰለሰ ድምፅ። «እሾህ ቢወጋዎት፣ እሳት ቢፈጅዎት እግርዎ አይነግርዎትም። ሳይነግርዎት ቆስሎ፣ ቁስሉ ከፍቶ እግርዎን ሊያጡት ይችላሉ። ስለዚህ በዓይን ማየት ነው፤ በየቀኑ፣ በየጣቱ መሐል። ያለ ጫማ አይርገጡ። ጫማዎን ከማጥለቅዎ በፊት ያራግፉት። ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ ያድርጉ፣ ጨው ይቀንሱ። እሳት አጠገብ እንዳይደርሱ። መድኃኒቱን ደግሞ አያቋርጡ።»

አቶ ቅጣው ሁሉንም ሰምተው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረቻቸው።

«ለቀብርስ ልጄ?»

«በእግርዎ ሩቅ አይሂዱ። ብዙም አይቁሙ።»

«ታዲያ ተቀምጬ ልቅበር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንዳዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጅ ላይ ታስቀምጣቸውና እግራቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ትመረምራለች። ውስጥ እግራቸውን አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን ታያለች። ገብስ ስትለቅም እንኳ እንዲህ አትጠነቀቅም።

«ኧረ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» ይላሉ እየተቁነጠነጡ።

«እርስዎ የማይሰማዎትን።»

አቶ ቅጣውም ቀብሩን አልተዉም፤ በበቅሎ ሆነ። እርካቡ ስለ እግራቸው ለገዙት አዲስ ሸራ ጫማ ጠበበ ብለው አንጥረኛ ዘንድ ወስደው አሰፉት። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ወንበር ይቀርብላቸዋል፤ ለእግራቸው ደግሞ ማሳረፊያ ዱካ። ዱካው ላይ እግራቸውን ሰቅለው «ቀስ! ወደ ግራ!» ማለት ቀጠሉ። ማዕረጋቸው የጨመረ እንጂ የቀነሰ አልመሰላቸውም።

እንዲህ እየሄደ ሳለ በኅዳር ምንዳዬ የታመመች እኅቷን ልትጠይቅ ራቤል ሄደች። እሷ በሌለችበት በጓሳ በኩል አቶ መኳንንት የሚባሉ ሰው ሞቱ። የጓሳ ብርድ የታወቀ ነው። ለቀስተኛው ደጅ ላይ ኩበት አንድዶ ከቦ ተቀምጧል፤ አቶ ቅጣውም በርኖሳቸውን ተከናንበው ከመሐሉ ገቡ፤ እግራቸውንም ዘረጉ። የሟችን የዘር ሐረግ ሲያስረዱ ቆይተው ድንገት አየሩን አሸተቱ።

«ማነው ጎማ የሚያቃጥል?» አሉ ተቆጥተው። «በሟች ደጅ? ነውር አይደለም እንዴ?»

ሰው ሁሉ ወደ እግራቸው አየ። የሸራ ጫማቸው ሶል ቀልጦ ይጨሳል።

ምንዳዬ ከራቤል ስትመለስ የተቃጠለው እግራቸው ቆስሎ ተነፍቶ፣ ትንሿ ጣታቸው ጠቁራ ጠበቀቻት። «አንተ» አላለቻቸውም። «እርስዎ»ም አላለቻቸውም። ምንም ሳትናገር ደብረ ብርሃን ወሰደቻቸው። አቶ ቅጣው መንገዱን ሙሉ ያችን «አንተ» ቢጠብቁ ቢጠብቁ ስላልመጣች ነገሩ የከፋ መሆኑ ገባቸው።

ሐኪሙ እግሩን አይቶ፣ ቁስሉ ካልተገታ ከቁርጭምጭሚት በላይ መቁረጥ ሊመጣ እንደሚችል ነገራቸው። አቶ ቅጣው ጣሪያውን እያዩ፣

«እንግዲህ ከተቆረጠም ይቀበራል» አሉ። «ለእሱ ቀብርማ አልቀርም።»

ምንዳዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተገለበጠና ልቅሶ ሆነ። አቶ ቅጣው ሰው ሲያለቅስ የሚሉትን ሁሉ ሲያውቁ የኖሩ ሰው፣ የዚያን ቀን የሚሉት ጠፋቸው። እጇን ብቻ ያዙ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሄደችው ትንሿ ጣት ብቻ ነበረች። እግሩ ዳነ። አቶ ቅጣውም ጣቷ የት እንደተቀበረች ሳይጠይቁ ከሐኪም ቤት አልወጡም።

ቤት ሲገቡ አገሩ ሁሉ ሊጠይቃቸው መጣ። በየተራ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል። አቶ ቅጣው እግራቸውን በታጠፈ ዝተት ላይ ሰቅለው እንግዳውን ሲገመግሙት ቆዩና፣ «ምን ሆናችኋል? ቀና በሉ እንጂ! ገና አልሞትኩም» ብለው ጮኹ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆኑ። መድኃኒታቸውን ሳይነገራቸው ይወስዳሉ። ምንዳዬ ብትዘገይ «እግሬን የሚያየው የለም?» ብለው ይጣራሉ። ከምድጃው ርቀው፣ ብርዱን ባና ደርበው ችለው ይቀመጣሉ። ለቀብር ያላቸው እልህ ሁሉ ወደ እግራቸው ዞረ።

ቁስሉ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ጥሩምባ ተነፋ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ አርፈው ኖሯል፤ አቶ ቅጣው ከልጅነት የሚያውቋቸው ሴት ናቸው። አቶ ቅጣው ከመደቡ ወርደው ጫማቸውን አነሱ። አራገፉት። ወደ ፋሻው አዩ፤ ወደ በሩ አዩ። ምንዳዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የመጣውን ልትመክት ቆማለች። እሳቸው ግን ጫማውን መልሰው አስቀመጡት። ማስቀመጡ ከማንኛውም ዳገት በልጦ አደከማቸው።

«አንቺ ሂጂልኝ» አሉ።

ምንዳዬ ሄደች። ስትመለስ ባሏ እግራቸውን ዱካ ላይ ሰቅለው በሩን ሲያዩ አገኘቻቸው። ማን መጣ? ማን ቀረ? ቄሶቹ ጸሎቱን አሳጠሩት ወይስ አስረዘሙት? እያሉ ጠየቋት። ምንዳዬ ተቀምጣ ነገረቻቸው። ትልቁ ልጅ ወንዶች ሲያዩት ብቻ እንደሚያለቅስ፣ ምራቲቱ ግን ከጓሮ ተደብቃ ከልቧ ስትነፋረቅ እንዳገኘቻት፣ ሬሳው ከበር ሲወጣ ሊጋጭ ሲል ራሷ ሳታስበው «ቀስ!» ብላ እንደጮኸች ነገረቻቸው። አቶ ቅጣው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያም የምሩን አለቀሱ፤ ወለተጊዮርጊስን ያኔ ቀበሯቸው።

«እንዲህ ሁሉን የምታይ ሴት ነሽና» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ምነው እስከ ዛሬ አብረሽኝ ባልሄድሽ?»

«ጠርተውኝ ያውቃሉ?»

እሳቸው ለቀብር ሲሮጡ እሷ ልጆች ስታሳድግ፣ ከብት ስታግድ፣ ደጅ ቆማ ስትጠብቅ ያለፈው ዘመን ሁሉ አቶ ቅጣው ፊት ድቅን አለ። እሷም እግራቸውን ወደ ጭኗ ሳበችና ፋሻውን ፈታች። ቁስሉ ደርቋል። እብጠቱ ጎድሏል፤ ስትጫነው ጉድጓዱ ቶሎ ሞላ።

«ለወለተጊዮርጊስ ተዝካር አብረን እንሄዳለን» አለች። «እርስዎ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ።»

«ለምን በእግርሽ? ፈረስ እንዋሳለን እንጂ።»

«አይሆንም» አለች ምንዳዬ፣ ፋሻውን መልሳ እየጠቀለለች። «የእኔ እግር መሬቱ ይሰማዋል። ለሁለታችን ይበቃል።»