የሳያት የወርቅ ማይክ

[ወሬው ስለ ታዋቂዋ የፖድካስት አቅራቢ ስለ ሳያት ነው፤ የተነሣውም ከአስኮ ነው። እዚያ ሲወለድ "ሳያት ማይክ ገዛች" ብቻ ነበር። አየር ጤና ሲደርስ ማይኩ ከዱባይ የመጣ ሆነ። ቀራንዮ ሲገባ ደግሞ ውስጡ ወርቅ ተገኘ። በመጨረሻ ያረፈው ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለ ግቢ፣ ቀዳማዊ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ አልጋና ጠረጴዛ አንድ ላይ አትችልም። ስለዚህ አልጋው ዛሬ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ክፍሏም "ስቱዲዮ" ተብላለች። ቀዳማዊ ከላይ ኮትና ክራባት፣ ከታች ቁምጣ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ከነጋዴው ከረሻድ ሱቅ "እስከ ማታ ሞክራችሁ የመረጣችሁትን አስቀሩ" ተብለው የመጡ ሁለት ማይኮች አሉ፤ አንዱ ጥቁር ድንቡሽቡሽ፣ ሌላው እንደ ሙሽራ መኪና የሚያብረቀርቅ ብርማ። ከጠረጴዛው ማዶ የልጅነት ጓደኛው፣ መካኒኩ ተክለማርያም፣ ከነጋራዥ ቱታው ዱካ ላይ ተቀምጧል። ሰፈሩ "ተክሌ ነገር አይገባውም" ይላል፤ ሰፈሩ ይህን የሰማው ከቀዳማዊ ነው።]

ቀዳማዊ፦ ወርቅ ነው አልኩህ፣ ወርቅ!

ተክሌ፦ ማን ፈትቶ አየው?

ቀዳማዊ፦ ማይክ አይፈታም! ካርቡራተር መሰለህ እንዴ?

ተክሌ፦ ካልተፈታ ውስጡ ወርቅ መሆኑ በምን ታወቀ?

ቀዳማዊ፦ በድምፁ! ሳያት ስትናገር ድምፅዋ ሲያብለጨልጭ አትሰማም?

ተክሌ፦ ሲያብለጨልጭ የሚሰማ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ቀዳማዊ፦ እሱ የጆሮ ትምህርት ይፈልጋል። ስማኝ፤ ማይኩ ከዱባይ የመጣው አውሮፕላን ላይ ብቻውን ወንበር ተይዞለት ነው። የምትቀርጸው የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት መሐንዲሶች አሏት፤ አንዱ ድምፅዋን ያቀጥናል፣ አንዱ ያወፍራል። ኮልታፋ ሰው እንኳ ፊቱ ቢቀመጥ ማይኩ ራሱ አርሞ ነው የሚያወጣው።

ተክሌ፦ ይኼን ሁሉ ማን ነገረህ?

ቀዳማዊ፦ የታመነ ምንጭ።

ተክሌ፦ ማን?

ቀዳማዊ፦ የአስኮ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች።

ተክሌ፦ እኔም እዚያው ታክሲ ውስጥ "ሽንኩርት ነገ ይረክሳል" ሲባል ሰምቼ ነበር። ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ፣ ነገን እየጠበቅኩ።

ቀዳማዊ፦ አየህ፣ አንተን የሚጎዳህ ይኼ ነው። ትልቅ ነገር ሲነገርህ ሽንኩርት ትጠራለህ። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ?

ተክሌ፦ ቅዳሜ።

ቀዳማዊ፦ የኔ ቀን ነው! ሳያት አብሯት የሚያወራ ሰው ትፈልጋለች። አስር ሰዓት ላይ የኔን ላይቭ ገብታ ትሰማለች። ድምፁን ከወደደችው እዚያው ትደውልና ሥራው የኔ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ሰው የሚሰማው ፕሮግራም!

ተክሌ፦ እግዜር ይርዳህ። ካልወደደችውስ ሰኞ ሱቅህ ትገባለህ፤ ምን ችግር አለው?

ቀዳማዊ፦ ሱቁንማ ዛሬ ጠዋት ለቀቅኩ።

ተክሌ፦ [ከዱካው ተነሥቶ] ሥራህን? ሳትሰማህ?

ቀዳማዊ፦ ከሰማችኝ በኋላ ለመልቀቅ ጊዜ የት አገኛለሁ? ለሱቁ ጌቶችም ነገርኳቸው፤ "ከእንግዲህ ሚስማር የሚሸጥላችሁ ሌላ ሰው ነው፣ እኔን በአየር ላይ ፈልጉኝ" አልኳቸው።

ተክሌ፦ ምን አሉህ?

ቀዳማዊ፦ ቁልፉን ተቀበሉኝ። ከመገረማቸው የተነሣ ቃል አልወጣቸውም።

[ተክሌ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ቀዳማዊ በልቡ "ቀናብኝ" ይላል። እሱ እንደሚያውቀው፣ ሰው ዝም ካለ ወይ ቀንቷል ወይ ተማርኳል።]

ተክሌ፦ እንግዲያው ጥቁሩን ማይክ ውሰድ። ረሻድ ምን አለ? "ጥቁሩ አፍ አጠገብ ያለውን ብቻ ነው የሚሰማው። ብርማው ጉንዳን ስታነጥስ ይሰማል፤ እናንተ ሰፈር ደግሞ የሚያነጥሰው ጉንዳን ብቻ አይደለም" ነው ያለው። በጓሮ በያጅ አለ፣ በፊት ለፊት የታክሲ ረዳቱ "አስኮ! አስኮ!" ይላል።

ቀዳማዊ፦ ረሻድ ነጋዴ ነው።

ተክሌ፦ ጥቁሩ እኮ ርካሹ ነው። ነጋዴ ርካሹን ውሰድ ካለህ—

ቀዳማዊ፦ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው! ውዱን ለማን ሊያስቀምጠው ነው? ደግሞ ጥሩ ማይክ ተራ ድምፅ አይሰማም፣ ይንቃል። የረዳት ጩኸት ሲመጣበት ፊቱን ያዞራል።

[ብርማውን መሐል ጠረጴዛው ላይ ያቆመዋል። የኩባንያው ስም የተጻፈበትን ገጽ በክራባቱ ወልውሎ፣ ስም ያለበትን ጎን ተክሌ ስልኩን ይዞ ወደሚቀርጽበት አቅጣጫ ያዞረዋል። ለቀዳማዊ የደረሰው የማይኩ ጀርባ ነው።]

ተክሌ፦ የዚህ ነገር ፊቱ በየት በኩል ነው?

ቀዳማዊ፦ የምኑ?

ተክሌ፦ የማይኩ።

ቀዳማዊ፦ [ሆዱን ይዞ እየሳቀ] ፊት! የማይክ ፊት! አፍንጫውንስ አልፈለግከውም? ወንድሜ፣ ማይክ ዙሪያውን ጆሮ ነው!

ተክሌ፦ የመኪና መብራት እንኳ ፊት አለው ብዬ ነው። ስሙ ወደ አንተ መሆን አልነበረበትም?

ቀዳማዊ፦ ስሙን እኔ አውቀዋለሁ፤ ለኔ ምን ያደርግልኛል? ስሙ ለተመልካች ነው። ሰው መጀመሪያ ማይኩን ያያል፣ ቀጥሎ ክራባቴን፣ ጊዜ ከተረፈው ይሰማኛል። ስቶኪንጉስ?

ተክሌ፦ [ከኪሱ እያወጣ] ይኸው። አከራይህ እትዬ ወለተጻድቅ "የሴት ስቶኪንግ ለምኑ ነው?" ሲሉኝ "ቀዳማዊ አፉ ላይ ሊያደርገው ነው" አልኳቸው።

ቀዳማዊ፦ ትንፋሽ ማጣሪያ ነው አትላቸውም!

ተክሌ፦ ልላቸው ነበር፤ የኪራይ ውሉን ሊፈልጉ ገቡ።

[ቀዳማዊ ስቶኪንጉን በሽቦ ወጥሮ አፉ ፊት ያቆማል። ስልኩ ከማይኩ ጋር በገመድ ተያያዘ። ተክሌ ስልኩን መስተዋቱ ወደ ቀዳማዊ እንዲሆን አድርጎ በሁለት እጁ ይይዛል፤ ኮመንቱን የሚያየው ቀዳማዊ ብቻ ነው። ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ላይቭ ተጀመረ።]

ቀዳማዊ፦ [እንደ ድሮ ሬዲዮ አጎርንኖ] የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ከምዕራብ አዲስ አበባ፣ ከዘመናዊው ስቱዲዮአችን እንደምን ዋላችሁ!

ተክሌ፦ [በሹክሹክታ፣ ለራሱ] ከአልጋ ሥር።

ቀዳማዊ፦ የዛሬው ርዕሳችን፣ "በቤታችሁ ሆናችሁ ፖድካስት ለመሥራት ጥራት ያለው ማይክ እንዴት ትመርጣላችሁ?" አንደኛ፣ ክብደቱን ተመልከቱ። ከባድ ማይክ ከባድ ሐሳብ ያወጣል!

ተክሌ፦ [ለራሱ] ይኼን ባውቅ ከጋራዥ መኪና የምናነሣበትን ክሪክ አመጣለት ነበር። ፈላስፋ ይወጣው ነበር።

ቀዳማዊ፦ [ኮመንት እያየ፣ ፊቱ በርቶ] "በሳቅ ሞትኩ" የሚል ገባ! ገና ቀልድ ሳልጀምር! ተክሌ፣ ይኼ ማይክ ያላሰብኩትን ቀልድ ሁሉ ያወጣል! ሁለተኛ፣ ውድ አድማጮች፣ የመጣበትን አገር እዩ። ይኼ የምታዩት ማይክ ባሕር አቋርጦ—

ተክሌ፦ [ለራሱ] አየር ጤናን አቋርጦ፣ በላስቲክ። ማታ ይመለሳል።

ቀዳማዊ፦ ልብ! ልብ! ልብ እየዘነበ ነው! ምን ይላል... "ከጉድጓድ ውስጥ የሚጮኸው ሰውዬ ማነው? ዝም በሉልን።" [ተክሌን አፍጥጦ] ሰማህ? ዝም በል ተብለሃል!

ተክሌ፦ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ?

ቀዳማዊ፦ ከኔ አንጻር፣ አዎ።

ተክሌ፦ እኔ ግን የምንሾካሾከው ለራሴ ነው። ጩኸቱ—

ቀዳማዊ፦ ሹክሹክታህ ነው ጩኸት የሆነባቸው! ማይኩ ተራ ድምፅ ይጠላል አላልኩህም? ሌላ ገባ፤ "ያኛው ይናገር፣ ያኛው ይሻላል።" አየህ? ያኛው እኔ ነኝ። ስሜን በድፍረት ላለመጥራት ነው።

[ቀዳማዊ በደስታ ወንበሩን ገፍቶ ይነሣል። ቁምጣው ለግማሽ ደቂቃ በቀጥታ ስርጭት ይታያል። ያን ጊዜ የገባውን ሳቅ ሁሉ ለራሱ ንግግር ይመዘግበዋል።]

ተክሌ፦ ቁጭ በል፣ ጉልበትህ ታየ።

ቀዳማዊ፦ [ደንግጦ እንደ ድንጋይ ደርቆ] ገባች።

ተክሌ፦ ማን?

ቀዳማዊ፦ ሳያት! ስሟ ይኸው! ጻፈች! እየጻፈች ነው! "አንድ ጥያቄ፤ ቤቱ ጠባብ፣ ሰፈሩ ጫጫታ የሆነ ሰው የትኛውን ማይክ ይምረጥ?" [ላቡ ክራባቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሌሊቱን ያጠናው ሁሉ ከአናቱ ወጥቶ ሄዷል።] ይኼ... እ... ይኼ እጅግ ጥልቅ የሆነ... ውዱን! ውዱን ይምረጥ! ከሱ የበለጠ ውድ ካለ ደግሞ እሱን!

ተክሌ፦ [ተስፋ ቆርጦ፣ ስልኩ እጁን አድክሞት፣ እየተነፈሰ] ምን ውዱን ይላል ይኼ ሰው። ሰፈሩ የሚጮኽበት፣ አፍ አጠገብ ያለውን ብቻ የሚሰማውን ይግዛ። አፉን አንድ ጭብጥ ያህል ያስጠጋ። ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ይስቀል፤ ባዶ ቤት ድምፅ ይደግማል፣ እኛም ጋራዥ ስንጮኽ ሁለት ሆነን ነው የምንሰማው። የሚናገረው ቁም ነገር ከሌለው ደግሞ ምንም አይግዛ፤ ለጎረቤትም ዕረፍት ነው።

ቀዳማዊ፦ [መስተዋቱ በልብና በጭብጨባ ሲሞላ ዓይኑ እንባ አቅርሮ] ወደዱት! "ውዱን" ያልኳትን ወደዱት! አመሰግናለሁ፣ ሕዝቤ፣ አመሰግናለሁ! [እጅ ይነሣል። ላይቩን ይዘጋል።] ተክሌ፣ ያየኸውን ለልጆችህ ትነግራለህ።

ተክሌ፦ ቁምጣውንም?

[ስልኩ ይጠራል። ሳያት ናት። ቀዳማዊ ተክሌም ሰምቶ እንዲጸጸት ብሎ ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል።]

ሳያት፦ ጤና ይስጥልኝ። ቀዳማዊ ነህ?

ቀዳማዊ፦ በነፍስም በሥጋም! ከሰኞ ጀምሮ ነጻ ነኝ፤ እንዲያውም ከአሁን ጀምሮ!

ሳያት፦ እሰይ። እንግዲያው ሰውዬውን አገናኘኝ።

ቀዳማዊ፦ የትኛውን?

ሳያት፦ የሚናገረውን።

ቀዳማዊ፦ የምናገረውማ እኔ ነኝ!

ሳያት፦ አንተ አፍህ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፅህ ግን ውኃ ልማት የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። ስሜን ሳታየው ከመጀመሪያው ጀምሮ ስሰማ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ቅርብ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራውን ነው። ክሪክ አመጣለት ነበር ያለውን። ሰው ሁሉ ሲስቅ የነበረው በሱ ነው።

[ቀዳማዊ ማይኩን ያያል። ማይኩ ጀርባውን ሰጥቶታል።]

ሳያት፦ ስሙ የተጻፈበት በኩል ነው ፊቱ። አንተ ለካሜራው አዙረኸው ስታበቃ፣ ሙሉ ሃያ ደቂቃ ለጀርባው ንግግር አደረግክ። ለመሆኑ የሚነግርህ ሰው አጠገብህ አልነበረም?

ተክሌ፦ [ዝቅ ብሎ] ጤና ይስጥልኝ። ነበር።

ሳያት፦ እሱ ነው! ይኼ ነው ድምፁ! ስምህ ማነው?

ተክሌ፦ ተክለማርያም። ተክሌ ይሉኛል።

ሳያት፦ ተክሌ፣ ከኔ ጋር ታወራለህ? ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። የዕለት ሥራህን እንዳትለቅ።

ተክሌ፦ እኔ አልለቅም፤ እንደዚያ ያለ ነገር በኛ ቤት የለም። [ቀዳማዊን አይቶ] ግን ይኼ ጓደኛዬ ሱቁን ለቋል። ሰኞ ጌቶቹ ጋ አብሬው ሄጄ እለምንለታለሁ፤ እነሱ ከተቀበሉት እኔም እመጣለሁ።

ቀዳማዊ፦ [ብድግ ብሎ] ማንም እንዳይለምንልኝ! ሳያት፣ ይኼ ግፍ ነው! እኔን ያሸነፈኝ ተክሌ ሳይሆን ዕቃ ነው! አንቺማ ምን አለብሽ? ከዱባይ በወንበር የመጣ የወርቅ ማይክ ይዘሽ፣ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ፣ ግራና ቀኝ መሐንዲስ አቁመሽ! ያ ማይክ ቢኖረኝ እኔስ አላብለጨልጭም ነበር?

[ከጓሮ በያጁ፣ ከፊት ለፊት ረዳቱ ይሰማሉ።]

ሳያት፦ ዱባይን የማውቃት በካርታ ነው። መሐንዲስ የለኝም፤ መስታወት ያለኝ ፊቴን የማይበት ብቻ ነው። የምቀርጸው የእናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ካፖርቶቿ መሐል ተኮራምቼ፣ ከስልኬ ጋር በመጣው ኢርፎን ነው። ማይክ የሚባል ነገር በሕይወቴ ገዝቼ አላውቅም።