ከሙሽራው በቀር ሁሉም ይባረር

አገሩን የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሰው እስኪያልቅባት ድረስ የሚወዳት ማለቴ ነው። እኔ እንጅባራ፣ ሰርግ ላይ አገኘሁ፤ የሙሽራዋ አጎት አያ ደሴ ናቸው።

"ሁለት ዜግነት ያለው ሁሉ ዜግነቱን ተነጥቆ ይባረር!" ብለው ዋንጫቸውን አነሡ።

እኔ ደግሞ አንብቤ ዝም ማለት አላውቅበትም። "አያ፣ የሰብዓዊ መብት ሕግ እኮ ማንም በዘፈቀደ ዜግነቱን አይነጠቅም ይላል" አልኳቸው።

"ሕጉ ሰርግ ተጠርቷል?"

ይህን ጊዜ እህታቸው፣ የሙሽራዋ እናት፣ ወጡን እንደያዙ ቆሙ።

"አንተ ደሴ! ልጄን በሰርጓ ቀን ባል ልታሳጣት ነው? ሙሽራው ባለ ሁለት ፓስፖርት አይደል እንዴ!"

ሙሽራው ማላመጡን አቆመ።

"ከሙሽራው በቀር" አሉ አያ ደሴ፣ ምንም ሳያፍሩ።

"ሚዜውስ?"

"ከነሚዜው።"

"በሬውን የገዛው የወንድማችን ልጅስ?"

"እሱማ የኛው ነው!"

እንዲህ እያለ አዋጁ የሚያባርረው ሰው አጣ። ታዲያ አዋጅ ታውጆ ማንም ሳይባረር ቢቀር የአዋጁ ክብር ምን ሊሆን ነው? የአያ ደሴ ዓይን ዳሱን ዞረና እኔ ላይ አረፈ።

"አንተ ከየት ነህ?"

"ከዳንግላ" አልኩ፤ በሚኒባስ እንቅልፍ እንኳ ሳይወስድ የሚደረስባት ጎረቤት ከተማ ናት።

"በቃ! ይኸው የውጭ ሰው!"

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ሙሽራው ነበር።

"ሳልደመጥ መባረር ሕገ ወጥ ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

"እውነቱን ነው፣ ይደመጥ" አሉ አያ ደሴ። አፌን ስከፍት ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ከተቱበትና "እንግዲህ ተናገር!" አሉኝ።