አደ ብርቄ ለትንሿ ኮምፒውተር የሠሩላት ልብስ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ በሩንም ገርበብ አድርጉት። ጥቅምት ገብቷል። የአምቦ ጥቅምት ቀን በፀሐይ ሲያሞኛችሁ ይውልና ፀሐይዋ ዘንበል ስትል አጥንታችሁን ፈልጎ የሚያገኝ ወር ነው። በዚህ ጊዜ ሰው ብቻ ሳይሆን ዕቃም ይበርደዋል ብለን የምናስብ ሰዎች ነን እኛ።

አትሳቁ። ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። ሬዲዮኑ ልብስ አለው። ቴሌቪዥኑ ልብስ አለው፤ ሲከፈት እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ከፊቱ ይገለጥለታል። የሶፋው ክንድ፣ የብርጭቆው ትሪ፣ ያ ዲኮደር የሚሉት ጥቁር ዕቃ ሳይቀር ዳንቴል ሳይደርብ አይውልም። ዕቃውን ራቁቱን ካስቀመጠ ሰው ቤት እንግዳ ሲገባ፣ አፉ ዝም ቢል ዓይኑ ዝም አይልም። ለምን ታለብሷቸዋላችሁ ብትሉኝ «ለአቧራ» እላችኋለሁ። አቧራ ሰበብ ነው። ነገሩ ክብር ነው።

የልጅ ልጄ ሌንሳ ያገባችው ገመቹ የጊንጪ ልጅ ነው። እዚሁ አምቦ ኤሌክትሮኒክስ ያስተምራል፤ የሚኖሩትም ከእኔ ጋር ነው። አንድ ቀን መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ይዞ መጣና ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጦ ሽቦ ይሰካካላት ጀመር።

«ምንድን ናት?» አልኩት።

«ኮምፒውተር ናት፣ አኮ። ፊልም ታጫውታለች።» አኮ ማለት በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለኝ።

«ቀሪዋስ?»

«ይቺው ናት።»

ክዳን የላት፣ ግድግዳ የላት፣ ሆድ ዕቃዋ ሁሉ ውጭ ነው። አሳዘነችኝ። ፍላሽ ሲሰካባት ግን ቴሌቪዥኑ ሙሉ ሰው ይተፋል! እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝና እንዴት እንደምትሠራ አትጠይቁኝ። ቁም ነገሩ ሌላ ነው።

የገመቹ እናት አደ ብርቄ ሠርጉ ላይ አልነበሩም። በሠርጉ ሰሞን ጭቃ አንሸራትቷቸው፣ እግራቸው ተሰብሮ ጊንጪ አልጋ ላይ ቀሩ። ስለዚህ በእሳቸው ወገን ሙሽሮቹን የመረቁት ታላቅ ወንድማቸው ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ ኦቦና አደ ማለት አቶና ወይዘሮ እንደማለት ነው። ሁላችንም አይተናል። ይሁን እንጂ ጊንጪ ገበያ ላይ አንዲት ሥራ ፈት፣ «ወንድምሽን በር ሥር ወሽቀው ምርቃቱን ለአምቦ ሽማግሌ ሰጡት» ብላ ነገረቻቸው። በቃ፤ ነገር ገባ። ገመቹ ቢምልላቸው «የሚስቱን ወገን ይሸፍናል» አሉ። ኦቦ ቱሉ ራሳቸው ቢነግሯቸው «እሱ ለሰላም ሲል የማይለው የለም» አሉ። የሠርጉን ቪዲዮ በስልክ ይዩት ቢባሉ «በዚህች ስንጥር መስታወት ወንድሜን ከፍየል አልለየውም» አሉ።

እግራቸው ከዳነም በኋላ ቤታችንን አልረገጡም። ሌንሳን አንድ ቀን ልጄ ብለዋት አያውቁም፤ «የገመቹ ሚስት» ነበር የሚሏት። ልጅቷ ይህን በሰማች ቁጥር ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሽንኩርት የማይገባበት ወጥ ሲሠራም ትከትፋለች።

በመጨረሻ «በትልቁ ቴሌቪዥን በዓይኔ ልየው፤ ወንድሜ ከሌለበት ግን እዚያ ቤት ዳግመኛ እግሬ አይረግጥም» ብለው አንድ እሑድ ከሰዓት መጡ። ጠዋት ገመቹ ቪዲዮውን ሞክሮት ነበር፤ እንደ ውሃ ነው የፈሰሰው።

ተኳርፎም ቢሆን ዘመድ ቤት ባዶ እጅ አይመጣም። አደ ብርቄ ስለ ማሽኗ ከልጃቸው ሰምተው «ምን ታህላለች?» ብለውት ኖሯል፤ እሱም «መዳፍሽን» ብሏቸዋል። በመዳፋቸው ለክተው፣ ከወፍራም ክር፣ አናቱ ላይ ጽጌረዳ ያለበት፣ ከሥር በጥብጣብ የሚታሰር ልብስ ሠርተውላት መጡ። «ምነው ይህቺን ምስኪን እርቃኗን አስቀመጣችኋት!» ብለው በገዛ እጃቸው አለበሷት፤ ጥብጣቡንም ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት። ገመቹ ሊናገር ብሎ እናቱን አየና ሪሞቱን አነሣ።

ተጀመረ። ሌንሳ በጃንጥላ ሥር ገባች፣ እልልታው ቀለጠ። ጥቂት ቆይቶ ጭፈራው ታመመ። ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሰዎቹ ኋላ ኋላ ይጎተታሉ፤ ዘፋኙ አፉን ገጥሞ ይዘፍናል። መድረክ መሪው «አሁን ደግሞ ወደ ምርቃቱ…» እንዳለ፣ ቀጥ! አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ከቴሌቪዥኑ ጥግ መብረቅ የመሰለች ቢጫ ምልክት ብቅ ብላለች። ገመቹ «ኃይል አንሷት ነው፤ ይሄ ቻርጀር የስልክ ነው» አለ።

«ኃይል የሚያንሳት ወንድሜ ጋ ስትደርስ ነው?» አሉ እናቱ።

ሌላ ቻርጀር አምጥቶ ቀየረ። ቪዲዮው ከመጀመሪያው ተነሣ፤ ሌንሳ እንደገና በጃንጥላ ሥር ገባች። ጎረቤቴ አስካለ፣ ለወሬ የተጠራች መስሏት የመጣች፣ «ይህቺ ልጅ ዛሬ ስንቴ ነው የምትዳረው?» አለችኝ። ገመቹ ሊያሳልፈው ሪሞቱን ሲያነሣ፣ «አትዝለል! ምን ልትደብቀኝ ነው የምትዘለው?» ብለው አደ ብርቄ ጮኹበት። ስለዚህ እልልታውን እንደገና ሰማን፣ ጭፈራው እንደገና ታመመ፣ መድረክ መሪው «ወደ ምርቃቱ…» ብሎ እንደገና አፉን ከፍቶ ቀረ።

አሁን መብረቋ የለችም። በእሷ ቦታ ቀይ ቴርሞሜትር ቆሟል። እሱን እንኳ አውቀዋለሁ፤ ጤና ጣቢያ ብብቴ ሥር የሚሸጉጡት ነው።

አደ ብርቄ ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉ። «ሁለቴ እዚያው ቦታ! ቆርጣችሁታል። ገመቹ፣ ባጃጅ ጥራልኝ።» ሌንሳ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ በትሪ ይዛ መሐል ቤት ቆማ ቀርታለች።

ገመቹ ወደ ጓዳ ጎተተኝ። «አኮ፣ ታፍናለች።»

«ማን? እናትህ?»

«ማሽኗ! ልብሱ አፍኗታል። ስትግል አቅሟ ይከዳታል።»

«ታዲያ አውልቅላታ!»

«እናቴ ፊት? የእጅ ሥራዋን? ዛሬ? አንቺ አውልቂው።»

እዩልኝ እንግዲህ ይህን መምህር! ከገለጡት ስድብ ነው፤ ካልገለጡት «ቆርጣችሁታል» ነው። ወጣሁ።

«አደ ብርቄ» አልኩ፣ «መንገድ አልዘጋብዎትም። ግን አስካለ ይህን ጽጌረዳ በቅጡ ሳታየው ቢሄዱ ይቆጨኛል። ሠፈራችን ውስጥ እንደሷ ኪሮሽ የምትይዝ የለችም። እንዲህ ያለውን ግን እሷም ሞክራ አልሆነላትም።»

አስካለ ዓይኗ ፈጠጠ። «እኔ? እኔ አልሆነልኝም?»

«አልሆነልሽም» አልኩ።

«እስቲ አምጪው!»

አደ ብርቄ ተቀመጡ። ሰው ተቆጥቶም ቢሆን በሥራው ሲመሰገን ጉልበቱ ይታጠፍለታል። ጥብጣቡን ራሳቸው ፈቱት፣ ልብሱንም ገልብጠው ለአስካለ ጥልፉ ከየት እንደሚነሣ ያሳዩአት ጀመር። ሁለቱ አንገት ለአንገት ገጥመው በክር ሲከራከሩ፣ ገመቹ የከሰሉን ማራገቢያ አንሥቶ ማሽኗን ምጥ እንደያዛት ሴት ያራግባታል። ጣቴን ባስጠጋ እንደ ትኩስ ድንች ትፋጃለች! አስካለ ቶሎ ገብቷት «ይኸው፣ አየሁት» ብላ ልትመልስ ስትል ጎኗን ቆነጠጥኳት።

«ደግመሽ እይው እንጂ!»

ሌንሳ ለሦስተኛ ጊዜ በጃንጥላ ሥር ገባች። ዘፋኙ በአፉ ዘፈነ። መድረክ መሪው «ወደ ምርቃቱ እንሄዳለን» አለና፣ ተመስገን፣ ሄደ።

ኦቦ ቱሉ ከክብር ወንበሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ዝናቡ በጊዜው ይጣል አሉ፣ ከብቱ ይርባ አሉ፤ ሰዉ በየእረፍቱ «ሃ ተኡ» ይላል፤ ይሁን ማለት ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እህቴ ብርቄ አልጋ ይዛ ቀርታብናለች። እግሯ ይጽና። የዚህችን ልጅ ቤት ትርገጥ፤ ከእጇም ትጉረስ።»

«ሃ ተኡ!» አሉ አደ ብርቄ ለቴሌቪዥኑ፣ ብድግ ብለው፣ ሊሄዱበት ባጣፉት ነጠላ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ዘወር አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያን ጭኮ ምን ይዘሽው ትቆሚያለሽ? አጉርሺኝ እንጂ!»

ሌንሳ አጎረሰቻቸው። ግማሹ ነጠላቸው ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አላየም።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። የጊንጪው መኪና ሊነሣ ሲል በመስኮት ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉና፣ «ልብሱ እንዳፈናት የገባኝ መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። እስከዚያች ሰዓት አንቱ ነበር የምንባባለው።

«መቼ?» አልኩ።

«ማመስገን ስታበዢ። ልጆቹ ከታጩ ጀምሮ አንድ ነገሬን አመስግነሽ ታውቂያለሽ?»

መኪናው ሄደ። እኔ አቧራው ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ።

ከዚያ በኋላማ ብርቄና እኔ አንቺ ተባብለን ቀረን። ሌንሳ ሴት ልጅ ወለደች፤ ብርቄ አራስ ልትጠይቅ መጥታ ወር ሙሉ አልሄድ አለችን። ገመቹ ለማሽኗ ትንሽዬ ማራገቢያ ገጠመላት፤ ቀን ከሌት እንደ ንብ ጥዝዝ ትላለች። አስካለ ጥልፉን ለመደችው፤ አሁን ከብርቄ አሳምራ ትሠራለች፣ ይህን ግን ጊንጪ ሄዳችሁ እንዳታወሩ። ኦቦ ቱሉ ደህና ናቸው፤ ጆሯቸው ብቻ ደከመ። ያን ቪዲዮ ደግሞ፣ ያን ሁሉ ጉድ ያፈላውን፣ ከዚያ እሑድ ወዲህ ልየው ያለ አንድ ሰው የለም።