የተለካችው ጣሳ

አገር የሚፈርሰው በሴንቲሜትር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ከየቀበሌው አይጠፋም። የስኳር ወረፋ አያስጨንቀውም፤ የሚያስጨንቀው ከአጥር ወጣ ያለ ሰሌዳ ነው። ከደሴ ፒያሳ ቁልቁል ያለው የእኛ ሰፈር ይህን ሰው ከነሙሉ ክብሩ አግኝቶታል፦ ጓድ ቢያዝን፣ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ተቆጣጣሪ፣ የመኖሪያ ሰፈር ሥርዓት ዘብ፣ የሰፈሩ ብቸኛ ሜትር ባለቤት።

ስለ ሜትሩ መናገር አለብኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴንቲሜትሮች ተቆርጠው ጠፍተዋል። ሌላ የሚገዛላቸው ስላልተገኘ ጓድ ቢያዝን ለክተው ሲያበቁ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉና «ሦስት ይቀነሳል» ይላሉ። ብቻቸውን መለካት ስለማይሆንላቸውም መንገደኛ ይይዛሉ። «እስቲ ጫፏን ያዝልኝ» ካሉ ግማሽ ቀን ሄደ ማለት ነው። እኔ መጽሐፌን ይዤ ብቻዬን መቀመጥ የምወድ ሰው ነኝ። የጓድ ቢያዝንን ካፖርት ከሩቅ ካየሁ በጓሮ ዞሬ፣ በጭቃው ተንሸራትቼ ቤቴ እገባ ነበር።

መመሪያው ከማዘጋጃ ቤት የመጣ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በመኖሪያ ሰፈር የሚሰቀል የንግድ ማስታወቂያ ከስልሳ በአርባ አይበልጥም፤ ከአጥር ወደ መንገድ ከሠላሳ ሴንቲሜትር በላይ አይወጣም፤ የቤት ቁጥር ይጻፍበታል፤ የሌለውን አለ አይልም። እኛ በስብሰባ ሰማነው፣ ከስብሰባ ስንወጣ ረሳነው። እሳቸው በቃላቸው ያዙት።

የልብስ ሰፊው የበሺር ሰሌዳ ከቆርቆሮ የተሠራ መቀስ ነበረው፤ ጫፉ ከሰሌዳው ጠርዝ አራት ሴንቲሜትር ያልፋል። ጓድ ቢያዝን ለኩ፣ ቀነሱ፣ አስቆረጡ።

«ወላሂ አያ ቢያዝን፣ ትናንት አንዱ መቀሱን አይቶ ገባና ማንኪያ ስንት ነው አለኝ!» አለ በሺር።

«ልብስ ሰፊ ተብሎ ተጽፏል፤ ያንብብ።»

ለራሳቸውም አይራሩም። በራቸው ላይ «ውሻ አለ» የሚል ሰሌዳ ነበራቸው። ውሻው አንድ ቀን ጠዋት ሞተ። ሰሌዳው ከረፋዱ በፊት ወረደ፤ ውሻው የተቀበረው ከሰዓት በኋላ ነው።

እንዲህ እያልን እስከ 1971 ክረምት ደረስንና ሜትሩ እትዬ አልታየች ደጅ ቆመ።

እትዬ አልታየች ጠላ ሻጭ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉት በዚያው ጠላ ነው። ምልክታቸው ወደ መንገድ በወጣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ ናት። ጠላ ሲኖር ጣሳዋ ትሰቀላለች፣ ሲያልቅ ትወርዳለች። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

«እትዬ፣ ይህች ትውረድ። አንድ ሜትር ከሃያ ወጥታለች። ሰሌዳ ያስጽፉ።»

«ልጄ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣው ኩሊ ነው። መሠረተ ትምህርት ከገባ ገና ወር አልሞላው።»

«ይበርታ።»

ጣሳዋ ወረደች፤ «ጠላ አለ» የሚል ሰሌዳ ተጻፈ፣ በሚስማር ተመታ። ኩሊዎቹ እንደ ልማዳቸው ሸክማቸውን አራግፈው መጡ፤ ቀና ብለው ጣሳዋን አጡ። «አልቋል» ተባባሉና ቁልቁል ወረዱ። በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱ ጠላው ኮምጥጦ ተደፋ። እትዬ አልታየች ለሌላ ጥንስስ የሚሆን ገብስ አልነበራቸውም።

ጓድ ቢያዝን ሰሌዳውን ሊያዩ ሲመጡ አሮጊቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው።

«ቢያዝን፣ ዛሬ ቤቴ ጠብታ ጠላ የለም። ሰሌዳህ ግን አለ ይላል። ያ ወረቀትህ ስለዚህ ምን ይላል?»

ጓድ ቢያዝን ሜትራቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሁለት ቀን ሙሉ በሰፈሩ የተለካ ነገር አልነበረም፤ ታመው ይሆን እስክንል ደረስን።

በሦስተኛው ቀን መጋዝና ቀይ ቀለም ይዘው መጡ። ሰሌዳውን ነቀሉ። እንጨቱን ሠላሳ ሴንቲሜትር ላይ ቆረጡት። ጣሳዋን ደፍተው፣ አንገታቸውን አጣመው የቤት ቁጥሩን ጻፉባት፤ ሰቀሏትም።

«መመሪያው የሰሌዳን መጠን እንጂ ከምን ይሠራ አይልም» አሉ። «ሲኖር አለ፣ ሳይኖር የለም የምትል ሰሌዳ ደግሞ በዚህ ሰፈር ይህች ብቻ ናት።»

እትዬ አልታየች ገብስ ከጎረቤት ተበድረው እንደገና ጠነሰሱ። ጠላው የደረሰው በጳጉሜን፣ ለአብዮት በዓል ከተማው ሲጸዳ ነው። ያን ጊዜ ለጽዳቱ የተመደበ፣ ሽጉጥ የታጠቀ አንድ ጎረምሳ ሰዎች አስከትሎ ወደ ሰፈራችን ወረደ።

«መንገድ ላይ የወጣ ሁሉ ይነቀል!» አለና የጣሳዋን እንጨት ጨበጠ። እትዬ አልታየች እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። ከጣሳዋ ጋር ምን እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ሽጉጥ የታጠቀን ሰው «ለምን» የሚል አልነበረም።

ካፖርቱ እየተውለበለበ መጣ።

«ጓድ፣ ይህች የተለካች ናት።»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«መመሪያው እስከ ሠላሳ ይፈቅዳል። አንዲት ሴንቲ ብትበልጥ እኔው እነቅላታለሁ።» ሜትሩን አወጡ። «እስቲ ጫፏን የሚይዝልኝ!»

ጫፏን ስንሸሽ የኖርን ሰዎች ያን ቀን ተሻማንባት። ኩሊዎቹ ተገፋፉ። በሺር መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ ደርሶ ጫፏን ነጠቀና አጥሩ ላይ ጫን አድርጎ ያዛት።

ጎረምሳው ጎንበስ ብሎ አነበበ። ፈገግ አለ።

«ሠላሳ ሦስት! ንቀሉ!»

«ሦስት ይቀነሳል!» አለ ሰፈሩ በአንድ አፍ።

ጎረምሳው ደንግጦ ዞረ። የተቆረጠውን ጫፍ አየ፤ እኛን አየ። ከዚያ እንጨቱን ለቀቀና ሰዎቹን አስከትሎ ወደ ታች ወረደ።

ጓድ ቢያዝን ግንባራቸውን ጠረጉ። ጣሳዋን ቀና ብለው አዩና፣ «እትዬ፣ ትንሽ ዘማለች፤ ያቃኗት» አሉ።

እኔም መጽሐፌን ጥዬ ሮጬ ነበር። ስደርስ ግን ጫፏ ተይዛለች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።