ቀይ ነጥብ ያረፈባቸው መሰኪያዎች

ሌላ ሰው ያሰረውን ካልፈታ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የእኛው ግን የሁሉም አለቃ ነበሩ። አገራችን የራሷን ሚሳኤል ልትሠራ በተነሣችበት ዘመን፣ ሃይደራባድ ከተማ ውስጥ እኛ ሴቶች በአንድ ረጅም አዳራሽ የሚሳኤሉን የሽቦ እስር ከነመሰኪያው እየሠራን ለተቆጣጣሪው፣ ለክቡር ሶማያጁሉ፣ እናስረክብ ነበር።

አጉሊ መነጽራቸው በክር ከደረት ኪሳቸው ጋር ታስራለች፤ እርሳሳቸው ከጆሯቸው ጀርባ አይጠፋም። "አንዴ ደግመን እንየው" ይላሉ፣ ሦስቴ አይተውትም ቢሆን። በልጃቸው ሠርግ ሙሽራው የጋብቻውን ክር በሦስት ቋጠሮ በሙሽሪት አንገት ላይ ሲያስር፣ ጎንበስ ብለው "ሁለተኛው ላላ ብሏል" አሉ ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን አምናለሁ።

"እኚህ ሰውዬ ሲሞቱ" ትል ነበር ጓደኛዬ ሩክሚኒ፣ "አስከሬናቸው የሚቃጠልበትን እንጨት ቆጥረው ነው የሚተኙበት!"

በመጀመሪያው ሙከራ ሚሳኤሉ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ለሁለተኛው ሦስት ሳምንት ሲቀር የሥራ መሣሪያ የሚባረክበት በዓል ደረሰ። እንደ ወጋችን ጉጠቱንም መቁረጫውንም አጥበን፣ ለበረከት በቀይ ዱቄት ነጥብ አድርገን አበባ አስቀመጥንላቸው። እኔ ደግሞ የመጀመሪያው መውደቅ አንገብግቦኝ፣ ማንም ሳያየኝ ያለቁትን መሰኪያዎች ጫፍ ጫፋቸውን ነጥብ አደረግኩላቸው። በማግስቱ በጨርቅ ጠረግኳቸው። የጠረግኳቸው መሰለኝ።

"ይሄ ቀይ ነገር ምንድነው?" አሉ ክቡርነታቸው፣ መነጽራቸውን አንዱ መሰኪያ ላይ ደግነው። "ዱቄቱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቷል። ይሄ እንዲህ ከበረረ እንደ መጀመሪያው ይወድቃል። ስንቱ እንደተነካ ካላወቅኩ መቶ ሃያውንም መሰኪያ እፈታለሁ፤ የሙከራው ቀንም ያልፈናል።"

እዚያ በሠራሁበት ስድስት ዓመት ውስጥ ከ"እሺ ጌታዬ" ሌላ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ባሌ ሞቷል፤ ሁለቱ ልጆቼ የሚበሉት ከዚህችው ሥራ ነው። ሩክሚኒ ክርኔን ጨብጣ "ዝም በይ፣ ያባርሩሻል!" አለችኝ።

ተነሣሁ።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። አሥራ አንድ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ አውቃቸዋለሁ።"

"ለምን አደረግሽው?"

"እንዳይወድቅ ብዬ።"

እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አወጡ። ከዚያ "ወንበርሽን ወደዚህ አምጪ፣ አናሱያ" አሉ።

አራት ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሳቸው ሽቦውን እየላጡ እኔ እያሰርኩ፣ የተነኩትን ጥለን አሥራ አንዱንም በአዲስ መሰኪያ ሠራናቸው። በሪፖርቱ ላይ "ጥፋተኛው" በሚለው ቦታ የራሳቸውን ስም ሲጽፉ አየሁ።

"ጌታዬ፣ ተሳስተዋል፤ የእርስዎን ስም ነው የጻፉት።"

"አንዴ ደግሜ አይቼዋለሁ" አሉ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ።

ሚሳኤሉ በቀኑ በረረ፤ አልወደቀም።

በዓመቱ፣ በበዓሉ ቀን፣ ክቡርነታቸው ከእነዚያ ከተጣሉት አሥራ አንድ መሰኪያዎች አንዱን በሳህን ይዘው መጡ። "ለዚህች ብቻ ነጥብ አድርጊላት" አሉኝ። በጣቴ ጫፍ ቀዩን ነጥብ አሳረፍኩ። ክቡር ሶማያጁሉ መነጽራቸውን አውጥተው፣ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ትንሽ ወደ ግራ ሄዷል" አሉ።